ክሮስ በክሮስ ሲሰረዝ፦ የላብራቶሪ ማሽንን ከኮምፒውተር ያገናኘንበት ጉዳይ

መነሻው

ጉዳዩ የአንድ መካከለኛ የግል ክሊኒክ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ። ላብራቶሪው የደም ኬሚስትሪ ማሽን አለው። ስኳር፣ ክሪያቲኒን፣ የጉበት ኢንዛይም የመሳሰለውን ይሠራል። ማሽኑ ውጤቱን በትንሽ ወረቀት ላይ ያትማል። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ደግሞ ከወረቀቱ ላይ እያየች ኮምፒውተር ውስጥ በእጇ ታስገባለች። ሰው በበዛበት ቀን ቁጥር መሳሳት አይቀርም። 1.2 የሆነ ክሪያቲኒን 12 ተብሎ ከገባ ደህና የሆነ ሰው ኩላሊቱ የደከመ መስሎ ሐኪም ፊት ይቀርባል።

ክሊኒኩ ይህን ለማስቀረት ውጤቱን በቀጥታ ከማሽኑ የሚቀበል ሶፍትዌር ገዛ። ማሽኑ ያለው መውጫ አንድ ነው፦ ዘጠኝ ፒን ያለው የሲሪያል ፖርት (መረጃ ቢት በቢት ተራ በተራ የሚያልፍበት)፣ በተለምዶ ዲቢ9 የምንለው። ኮምፒውተሩ ሲሪያል ፖርት ስለሌለው የዩኤስቢ ኮንቨርተር ተገዛለት። ችግሩ ኮምፒውተሩ ያለው ላብራቶሪው ውስጥ ሳይሆን ውጤት መስጫው ክፍል ነው። እንደ ዕድል ሆኖ በሁለቱ ክፍሎች መካከል በግድግዳ ውስጥ የተዘረጋ ትርፍ ካት5ኢ የኔትወርክ ኬብል ነበር። ርዝመቱ 25 ሜትር ገደማ ነው።

የክሊኒኩ የኔትወርክ ባለሙያ ያሰበው ጥሩ ነገር ነበር። በሁለቱም ጫፍ ዲቢ9ን ወደ አርጄ45 (ባለ ስምንት ፒኑ የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ) የሚቀይር አዳፕተር አድርጎ ሲሪያሉን በኔትወርኩ ኬብል ማሳለፍ። አዳፕተሮቹ ከመርካቶ የሚገኙት ዓይነት ናቸው። በአንድ በኩል የአርጄ45 ቀዳዳ አላቸው። በሌላው በኩል ስምንት ባለቀለም ሽቦዎች ጫፋቸው ላይ ፒን ተክሎባቸው ይመጣሉ፤ የትኛው ሽቦ የትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ የሚወስነው ገጣሚው ነው።

ችግሩ

አልሠራም። ማሽኑ ውጤት ላክ ሲባል ትንሽ ይቆይና «አስተናጋጅ አልመለሰም» የሚል ስህተት ያወጣል፤ አስተናጋጅ የሚለው ኮምፒውተሩን ነው። የሶፍትዌሩ ሰዎች «ከእኛ ዘንድ ምንም አልደረሰም፣ ማሽኑ ነው» አሉ። ማሽኑን ያቀረቡት ደግሞ «ማሽኑ ይልካል፣ ሶፍትዌሩ ነው» አሉ። የማሽኑ ማንዋል ጠፍቷል። እኔ የተጠራሁት በዚህ መሀል ነው።

የኔትወርክ ባለሙያው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሁለቱም ጎን ተመሳሳይ ዓይነት መሣሪያ ከሆነ መላኪያው ከመቀበያው ጋር መጠላለፍ፣ ማለትም ክሮስ መሆን እንዳለበት ያውቃል። «ክሮስ አድርጌዋለሁ እኮ ወንድሜ» አለኝ። «ቀጥታውንም ሞክሬያለሁ፣ ክሮሱንም ሞክሬያለሁ። ሁለቱም እንቢ አሉ።» እውነቱን ነው። ሁለቱንም ሞክሯል። ሁለቱም ሊሠሩ አይችሉም ነበር። ይህን ጉዳይ ለመጻፍ የተነሳሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥቂት ስለ አርኤስ-232

የሲሪያል ፖርቱ የሚሠራበት አርኤስ-232 የሚባለው ደንብ የወጣው በአሜሪካ በ1960 (እ.ኤ.አ.) ነው። የታሰበው አንድ ተርሚናልን ከአንድ ሞደም ጋር ለማገናኘት ነበር። የተርሚናሉ ወገን ዲቲኢ፣ የሞደሙ ወገን ዲሲኢ ይባላል። ሁለቱ ሲገናኙ ቀጥታ ኬብል ይበቃል፤ አንዱ በሚልክበት ፒን ሌላው ይቀበላልና። በዲቲኢ ዲቢ9 ላይ ፒን 3 ይልካል፣ ፒን 2 ይቀበላል፣ ፒን 5 ግራውንድ ነው። 7 እና 8 «ልላክ? ላክ» የሚባባሉባቸው ናቸው፣ አርቲኤስ እና ሲቲኤስ። 4 እና 6 ደግሞ «አለሁ» የሚባባሉባቸው፣ ዲቲአር እና ዲኤስአር።

ሁለት ዲቲኢዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ ግን 3 ከ3 ጋር ይጋጠማል። ሁለቱም ያወራሉ፣ የሚሰማ የለም። ስለዚህ 2ን ከ3፣ 7ን ከ8፣ 4ን ከ6 ጋር ማቀያየር ያስፈልጋል። ይህም በመንገዱ ላይ አንድ ጊዜ ከተደረገ ይበቃል። ሁለት ጊዜ ከተቀያየረ ወደነበረበት ይመለሳል። ሦስት ጊዜ ቢሆን ይሠራል። ወሳኙ ጎዶሎ መሆኑ ነው።

መለካት

መጀመሪያ የፈለግኩት ማሽኑ ዲቲኢ ይሁን ዲሲኢ ማወቅ ነበር። ወንድ ማገናኛ (ፒኖቹ ወደ ውጭ የወጡ) ያለው አብዛኛውን ጊዜ ዲቲኢ ነው፤ ግን ይህ ልማድ እንጂ ሕግ ስላልሆነ አላምነውም። መልቲሜትር ይበቃል። ጥቁሩን ፒን 5 ላይ፣ ቀዩን በተራ ፒን 2 እና ፒን 3 ላይ ማድረግ ነው። በአርኤስ-232 መላኪያው ዝም ባለበት ጊዜ ከዜሮ በታች ቮልቴጅ ይይዛል፣ ብዙውን ጊዜ ከ-5 እስከ -12። መቀበያው ደግሞ ዜሮ አካባቢ ነው። ማሽኑ ፒን 3 ላይ -9 ገደማ አሳየ። ኮንቨርተሩም ፒን 3 ላይ -6 ገደማ። ስለዚህ ሁለቱም ዲቲኢ ናቸው። ማቀያየር ግድ ነው።

ቀጥሎ ኮንቨርተሩን ብቻውን ፈተንኩ። ፒን 2 እና 3ን በአጭር ሽቦ አገናኝቼ በፖርቱ የሚላከውንና የሚመጣውን በሚያሳይ ተርሚናል ፕሮግራም ላይ ፊደል ተየብኩ። የተየብኩት ተመልሶ መጣ። ከዚያ ሽቦውን ነቀልኩ፤ መምጣቱ ቆመ። ይህችን ሁለተኛ እርምጃ ብዙ ሰው ይዘላታል። ፕሮግራሙ የተተየበውን ራሱ እንዲያሳይ ተደርጎ ከሆነ ሽቦ ሳይኖርም ፊደሉ ይታያል፤ ሽቦው ሲነቀል መቆሙን ያላየ ሰው ምንም አልፈተነም።

ከዚያ ሁሉንም እንደነበረ አገናኝቼ ኮምፒውተሩ ጋ ያለውን ጫፍ ብቻ ነቀልኩ። የማሽኑ -9 ቮልት እዚህ ጫፍ ላይ በየትኛው ቀዳዳ ብቅ ይላል? መድረስ ያለበት ቀዳዳ 2 ላይ ነበር። የተገኘው ቀዳዳ 3 ላይ ነው። ክሮስ ኬብል እያለም መንገዱ ቀጥታ ሆኗል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ማሽኑን ወይም ሶፍትዌሩን መጠርጠር አላስፈለገም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። የሴት ማገናኛ ቀዳዳዎች ከፊት ሲታዩ ቁጥራቸው ከወንዱ በመስታወት እንደታየ ይገለበጣል። ቁጥሮቹ ፕላስቲኩ ላይ በደቃቁ ተቀርጸዋል። በስልክ ካሜራ አጉልቶ ማንበብ ከመገመት ይሻላል።

የተገኘው

አዳፕተሮቹን ፈትቼ እያንዳንዱን ሽቦ በመልቲሜትሩ የቢፕ ድምፅ ተከተልኩት። ሁለቱም የተገጠሙት ለራውተር ኮንሶል በሚሠራጨው ንድፍ ነው፦ የአርጄ45 3 ወደ ዲቢ9 3፣ 6 ወደ 2፣ 1 ወደ 7፣ 2 ወደ 4፣ 8 ወደ 8፣ 7 ወደ 6፣ 4 እና 5 አንድ ላይ ወደ 5። ንድፉ በራሱ ስህተት የለበትም። ግን ሁለት አንድ ዓይነት አዳፕተሮች በሁለት ጫፍ ሲቀመጡ አንዱ ያደረገውን ሌላው ይፈታዋል። ውጤቱ ቀጥታ ነው። በነገራችን ላይ የሽቦዎቹ ቀለም በሁለቱ አዳፕተሮች አንድ አልነበረም። ከሌላ ሰው ፎቶ ላይ «ቢጫው እዚህ» ብሎ መገልበጥ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ባለሙያው ማቀያየሩን የተወው ለክሮስ ኬብሉ ነበር። የኔትወርክ ክሮስ ኬብል የሚለዋውጠው 1ን ከ3፣ 2ን ከ6 ጋር ነው። በዚህ ንድፍ መለዋወጥ ያለባቸው ግን 3 እና 6 ናቸው። ስለዚህ ክሮስ ኬብሉ በመንገዱ ላይ ብቻውን ቢሆን እንኳ የማሽኑ መላኪያ ከኮምፒውተሩ አርቲኤስ ጋር ይጋጠማል እንጂ ከመቀበያው ጋር አይገናኝም። እዚህ የሚያስፈልገው ሮልኦቨር ነው፣ 1 ከ8፣ 2 ከ7፣ 3 ከ6፣ 4 ከ5 የሚለዋወጥበት።

ታዲያ ክሮስ ኬብል እያለ የለካሁት ለምን ቀጥታ ሆነ? መልሱ ግድግዳው ላይ ነበር። የኬብል ቴስተር ስናደርግበት መብራቶቹ በአንዱ ጫፍ 1፣ 2፣ 3 ሲሉ በሌላው ጫፍ 3፣ 6፣ 1 አሉ። ሶኬቶቹን ስንከፍት አንዱ በቲ568ኤ፣ ሌላው በቲ568ቢ ተመቷል፤ ሁለቱ የሽቦ ቀለሞችን በተለያየ ቅደም ተከተል የሚያስቀምጡ ደንቦች ናቸው። የግድግዳው ኬብል ራሱ ክሮስ ነው! ለዓመታት ኔትወርክ ሲያስተላልፍ ማንም አላወቀም፤ የዛሬ ስዊቾች ክሮሱን ራሳቸው አውቀው ያስተካክሉታል። ሲሪያል እንዲህ ያለ ነገር የለውም።

አሁን ሁሉም ግልጽ ሆነ። ክሮስ ኬብሉ ሲሰካ ከግድግዳው ክሮስ ጋር ተሰራርዞ መንገዱ ቀጥታ ይሆናል፣ መላኪያ ከመላኪያ ይጋጠማል። ቀጥታው ኬብል ሲሰካ የግድግዳው ክሮስ ብቻውን ይቀርና መላኪያው አርቲኤስ ላይ ይወድቃል። ባለሙያው በእጁ ባሉት ኬብሎች እስከ ማታ ቢያቀያይር መልሱ አይገኝም ነበር። ደግነቱ የአርኤስ-232 ደንብ መላኪያዎች እርስ በርስ ቢነካኩ እንዲችሉት ስለሚያዝ የተቃጠለ ነገር የለም።

ያደረግነው

መጀመሪያ አንዱን ሶኬት ፈትተን በቲ568ቢ መልሰን መታነው። ቴስተሩ ከ1 እስከ 8 በቅደም ተከተል አበራ። ክሮስ ኬብሉን ከዚያ ክፍል አስወጣነው።

ከዚያ ሁለት መንገድ ነበረን። ቀላሉ አዳፕተሮቹን እንዳሉ ትቶ አንድ ሮልኦቨር ኬብል መሥራት ነው። ዴቭ ዮስት የተባለው ሰው ያወጣው የሲሪያል ሽቦ አሠራርም በዚሁ ላይ የቆመ ነው፦ ኬብሉ ሁልጊዜ ይገለበጣል፣ አዳፕተሩ ለየመሣሪያው ይስተካከላል። ብዙ የሲሪያል ኬብል ባለበት ቤት እኔም የምመርጠው ይህንኑ ነው። እዚህ ግን አልወደድኩትም። ሮልኦቨር ኬብል ከውጭ ሲታይ ከሌላው የኔትወርክ ኬብል አይለይም። ነገ ጫፉ ቢሰበር አንዱ ከመሳቢያ ተራ ኬብል አውጥቶ ይሰካዋል። ከዚያም ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ሌላም ምክንያት አለ። በዚያ ንድፍ መላኪያውና መቀበያው 3 እና 6 ላይ ናቸው። በካት5ኢ ውስጥ 3 እና 6 አንድ ላይ የተጠማዘዙ ጥንድ ናቸው። አንዱ ሲናገር ሌላው ላይ ያንሾካሹካል። በሰከንድ 9600 ቢት ፍጥነትና በ25 ሜትር ችግር ላይፈጥር ይችላል። ግን አዳፕተሩ ተፈትቶ እጄ ላይ እያለ ለምን እንደዚያ እተወዋለሁ? እያንዳንዱን ከግራውንድ ጋር ማጣመር ይሻላል።

ስለዚህ ማቀያየሩ በአንድ አዳፕተር ውስጥ ብቻ እንዲሆን ወሰንን። የኮምፒውተሩ አዳፕተር፦ አርጄ45 1 ወደ ዲቢ9 3፣ 3 ወደ 2፣ 2 እና 6 አንድ ላይ ወደ 5፣ 4 ወደ 7፣ 5 ወደ 8፣ 7 ወደ 4፣ 8 ወደ 6። የማሽኑ አዳፕተር፦ 1 ወደ 2፣ 3 ወደ 3፣ 2 እና 6 ወደ 5፣ 4 ወደ 8፣ 5 ወደ 7፣ 7 ወደ 6፣ 8 ወደ 4። የመጀመሪያው ላይ «ቀጥታ»፣ ሁለተኛው ላይ «ክሮስ እዚህ ነው» ብለን ለጠፍንበት።

ርቀቱ ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም። ብዙ ሰው ሲሪያል ከ15 ሜትር አያልፍም ሲባል ሰምቷል። ያ ቁጥር የድሮ ነው፤ ኋላ የወጣው ደንብ ሜትር አይቆጥርም፣ የኬብሉን ካፓሲታንስ (ሽቦዎቹ በመካከላቸው ቻርጅ የመያዝ አቅም) እንጂ፣ ጣሪያው 2500 ፒኮፋራድ። ካት5ኢ በአንድ ጥንድ በሜትር 50 ፒኮፋራድ ገደማ ስለሆነ 25 ሜትር ጣሪያው ውስጥ ነው። በ9600 ምንም አላስቸገረም።

ከመሰካታችን በፊት በሁለቱ ክፍሎች የኤሌክትሪክ ግራውንዶች መካከል ያለውን ልዩነትም ለካን። ማሽኑ በራሱ ዩፒኤስ ነው፣ ኮምፒውተሩ በሌላ መስመር። ከማሽኑ ማገናኛ ብረት እስከ ኬብሉ ግራውንድ ያለው የኤሲ ቮልቴጅ ከግማሽ ቮልት በታች ነበር። ብዙ ቮልት ቢሆን ኖሮ አይሶሌተር (የሁለቱን ወገን ኤሌክትሪክ የሚለይ መሣሪያ) ሳይኖር አልሰካውም ነበር።

መጀመሪያ እንቢ ያለው

አዳፕተሮቹ በየብቻቸው ሲፈተኑ ሁሉም ሽቦ ቢፕ አለ። ከዚያ ሁሉንም ገጥመን ማሽኑ ጋ ያለውን ጫፍ ቀዳዳ 2 እና 3 በሽቦ አገናኝተን ከኮምፒውተሩ ተየብን። ምንም አልተመለሰም። በዚያው ጫፍ ቀዳዳ 2 ላይ የኮንቨርተሩ -6 ቮልት መታየት ሲገባው ዜሮ አሳየ።

የኮምፒውተሩን አዳፕተር ፈትቼ የፒን 3 ሽቦን ቀስ ብዬ ሳብኩት። ወጥቶ እጄ ላይ ቀረ። ፒኑ ቀዳዳው ውስጥ «ቀጭ» ብሎ አልተቆለፈም ነበር። በመልቲሜትር ጫፍ ሲነካ ይገናኛል፤ ወንዱ ማገናኛ ሲገባበት ግን ወደኋላ ይገፋዋል። ፒኑን ቀይረን ቀጭ እስኪል ገፋነው። ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ አድርገን አየን። የተየብነው ተመልሶ መጣ።

ይህ ፈተና ግን ሁሉንም አይናገርም። 2 እና 3 ጫፍ ላይ ሲገናኙ መንገዱ ቀጥታም ቢሆን ክሮስም ቢሆን ፊደሉ ይመለሳል። ሽቦዎቹ አለመበጠሳቸውን ያረጋግጣል፣ መቀያየራቸውን አያረጋግጥም። መቀያየሩን የሚነግረን ቮልቴጁ ነው። አሁን -6 በማሽኑ ጫፍ ቀዳዳ 2 ላይ፣ የማሽኑ -9 ደግሞ በኮምፒውተሩ ጫፍ ቀዳዳ 2 ላይ ታየ። ሁለቱ ፈተናዎች አብረው ካልተደረጉ ሥራው አላለቀም።

ማሽኑ ሲናገር

የላብራቶሪ ማሽኖች ብዙዎቹ ኤኤስቲኤም በሚባለው ፕሮቶኮል ይነጋገራሉ። ማሽኑ መጀመሪያ 05 የሚል ባይት ይልካል፣ «ልላክልህ?» ማለት ነው። ተቀባዩ 06 ብሎ ከመለሰ ውጤቱ ይፈሳል። በ15 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልመጣ ማሽኑ 04 ልኮ ይተወዋል።

ሶፍትዌሩን ዘግተን የሚመጣውን በሄክስ የሚያሳይ ሪልተርም የሚባል ፕሮግራም ከፈትን። ባለሙያዋ ውጤት ላኪ የሚለውን ተጫነች። ስክሪኑ ላይ 05 ብቅ አለ። ጥቂት ቆይቶ 04። ማሽኑ እየጠራ ነው፣ የሚመልስለት የለም። እንደገና ተጫነች። 05 ሲመጣ 06ን በእጄ ላክሁ። ወዲያው ሙሉ መስመር ወረደ፣ የማሽኑ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት። መላክም መቀበልም እንደሚሠራ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ለዚህ ሥራ ፑቲ የተባለውን ተርሚናል ፕሮግራም አልመክርም። ፑቲ 05 ሲደርሰው ተጠቃሚውን ሳይጠይቅ የራሱን ስም መልሶ ይልካል። ማሽኑ 06 ሲጠብቅ «ፑቲ» የሚል ጽሑፍ ይደርሰዋል። የመጣውም ባይት ስክሪን ላይ አይታይም። ያላወቀ ሰው በዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ሊያጠፋ ይችላል።

ተርሚናሉን ዘግተን ሶፍትዌሩን ስንከፍት ውጤቱ ገባ። ባለሙያዋ ከወረቀቱ ጋር መስመር በመስመር አመሳከረችው። «እሰይ፣ ነጥቧ ሳትቀር ገባች» አለች።

ለሌላ ቦታ የሚሆን

ከሁሉ በፊት መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወረቀት ላይ መሣል ነው። መሣሪያ፣ አዳፕተር፣ ኬብል፣ ሶኬት፣ የግድግዳ ኬብል፣ ሶኬት፣ ኬብል፣ አዳፕተር፣ ኮንቨርተር። እያንዳንዱ ላይ «ቀጥታ» ወይም «ክሮስ» ብሎ መጻፍ። የማይታወቅ ካለ መለካት። እዚህ ቤት ማንም ያልጠረጠረው የግድግዳው ኬብል የተገኘው እንደዚህ ነው። ማቀያየሩ አንድ ቦታ ይሁን፣ ያ ቦታ ይለጠፍበት።

የኔትወርክ ክሮስና የሲሪያል ክሮስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኔትወርክ ላይ ያደገ ባለሙያ እዚህ ጋ ቢሰናከል አይፈረድበትም። እኛ በሠራነው ንድፍ ደግሞ መላኪያና መቀበያው 1 እና 3 ላይ ስለሆኑ ክሮስ ኬብል ቢሰካ ሁለቱን እንደገና ያቀያይራቸውና ግንኙነቱ ይቆማል። ይህ በመለጠፊያው ላይ ተጽፏል።

የዩኤስቢ ኮንቨርተር ሲገዙ አርኤስ-232 መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ለሰርኪዩት ሥራ የሚሆኑት ርካሾቹ በ3.3 ወይም በ5 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ቢሰኩ ሊቃጠሉ ይችላሉ።

የአርጄ45 ሶኬት ስዊች ይመስላል። በተለይ የዋይፋይ አንቴናዎችን የሚመግቡ አንዳንድ መሣሪያዎች 24 ቮልት ሳይጠይቁ ይለቃሉ። አንዱ ያንን በስህተት እዚህ ሶኬት ላይ ቢሰካ የማሽኑ ፖርት ሊበላሽ ይችላል። ሁለቱም ሶኬቶች ላይ በቀይ «ኔትወርክ አይደለም» ተብሎ ተለጥፏል። የፒኖቹ ዝርዝርም በፕላስቲክ ተሸፍኖ ማሽኑ ጎን ተሰቅሏል፤ ማንዋሉ የጠፋበት ቤት ስለሆነ መሳቢያ ውስጥ አላስቀመጥነውም።

አንድ ክፍተት ቀርቷል። የናሙናውን ቁጥር ባለሙያዋ አሁንም ማሽኑ ላይ በእጇ ነው የምታስገባው። ውጤቱ ሳይዛባ ይደርሳል፤ ቁጥሩ ከተሳሳተ ግን ትክክለኛው ውጤት የሌላ ሰው መዝገብ ውስጥ ይገባል። ለክሊኒኩ ባርኮድ አንባቢ እንዲገዛ በጽሑፍ አቅርበናል። እስኪገዛ ድረስ ባለሙያዋ በየናሙናው ቁጥሩን ከቱቦው ጋር እያመሳከረች ወረቀቱ ላይ ትፈርማለች።